ሽጉጥና ጎራሽ

ከሳንሱሲ ወደ ቡራዩ በሚያሳፍረው ታክሲ ተራ አንዳንድ ጠዋት ፍተሻ አለ። ወንዶች ወርደን እንሰለፋለን፣ እጃችንን እናነሳለን፣ ፖሊሱ ብብታችንን፣ ወገባችንን፣ ቁርጭምጭሚታችንን ዳበስ ዳበስ ያደርግና "እለፍ" ይለናል። ሰፈራችን የአዲስ አበባ ጫፍ ነው። ቡራዩ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሸገር ከተማ አካል ስለሆነ፣ ታክሲው ጥቂት ሜትር እንደሄደ ከአንድ አስተዳደር ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። ምን እየተፈለገ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። የሚዳበሰው የሰውነት ክፍል ራሱ መልስ ነው፤ ሽጉጥ የሚሸጎጥበት ነው።

አማርኛ ለዚህ መሣሪያ ስም ሲያወጣለት ድምፁንም እሳቱንም አልተመለከተም። የተመለከተው መደበቁን ነው። ሸጎጠ ካለው ግስ ሽጉጥን አወጣ። አቅሙን ለመለካት ደግሞ ወደ ማዕድ ሄደ፤ "ስንት ጎራሽ ነው?" ይባላል። ስድስት ጎራሽ፣ ስምንት ጎራሽ፣ አሥራ አምስት ጎራሽ። ጥይት እንደ እንጀራ በጉርሻ ይቆጠራል። እነዚህ ሁለት ቃላት ግን ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይስማሙም። የሚሸጎጠው ብዙ አይጎርስም፤ ብዙ የሚጎርሰው ልብስ ሥር ያብጣል። የሽጉጥ ሠሪዎች ያለፉት መቶ ምናምን ዓመታት ድካም በአመዛኙ እነዚህን ሁለት ግሶች ለማስታረቅ የተደረገ ሽምግልና ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የሽምግልናው ውጤት የሚታየው ደግሞ ከሽጉጡ ይልቅ በካዝናው ላይ ነው።

ፖሊስ በመግለጫው "አንድ ሽጉጥ ከሁለት ካዝና ጋር" ሲል እንሰማለን። ወታደር ቤት የኖሩ ሰዎች "ካርታ" ሲሉም ሰምቻለሁ። እኔ ካዝናን እመርጣለሁ። ቃሉ የዓረብኛውን "ኸዘነ"፣ ማለትም አከማቸ የሚለውን ይዞ የመጣ ነው። የባንክ ቤቱ ካዝና፣ የነጋዴው መጋዘን፣ ፈረንጆች ለጥይት ማስቀመጫም ለመጽሔትም የሚሉት "ማጋዚን" ሁሉም የዚያው ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ጥይትና ገንዘብ በእኛ አገር የተገናኙት ደግሞ በቃል ብቻ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በተከታዩ መጀመሪያ፣ ከጠገራ ብርና ከአሞሌ ጨው እኩል፣ ጥይት በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ሰው ዝናሩን ታጥቆ ሲወጣ መሣሪያውንም ቦርሳውንም ታጥቆ ወጣ ማለት ነው።

ያ ዘመን የአንድ ጉርሻ ዘመን ነበር። በአገራችን ታሪክ ስሟ እጅግ የገነነው ሽጉጥ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሰዉባት የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ፣ ካዝና የሚባል ነገር አልነበራትም። ከሦስት ቀን በፊት አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ የወረደባቸው እሳትም ከካዝና የወጣ አልነበረም። እንግሊዞቹ የያዙት ስናይደር አንድ ጎራሽ ነው፤ ብልጫው ከአፈሙዝ መጎረሱ ቀርቶ ከኋላ መጎረሱ ብቻ ነበር። ያ ብቻ በቃ። ስሙ አማርኛ ውስጥ ገብቶ "ሰናድር" ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ የሚገዛው መሣሪያ ዓይነቱ በዛ። እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ላይ ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ሬምቦ ከታጁራ ተነስቶ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ እንጦጦ ድረስ ለንጉሥ ምኒልክ አመጣ። ጠመንጃው በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት ስለነበር ንጉሡ ዋጋውን ቀጥቅጠው ነው የገዙት። ሬምቦ በደብዳቤዎቹ ሲያማርር ኖሯል፤ እኔ ግን ከገዢው ጋር ነኝ። የአድዋ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በኛ ሠራዊት ውስጥ ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ሰናድርና ሌላም ሌላም ተቀላቅሎ ነበር። የውጅግራ ጥይት ሬሚንግተን ውስጥ አይገባም፤ ወንድም ለወንድሙ ዝናሩን ቢያውስ የሚጠቅመው ጠመንጃቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ብቻ ነበር። ከወዲያ በኩል የጣሊያን ወታደር የያዘው ቬተርሊ በቪታሊ ካዝና ተሻሽሎ አራት ጎራሽ ሆኗል። ስለዚህ በጉርሻ ቆጠራ ብቻ ከሄድን አድዋ ላይ ማሸነፍ የነበረበት ሌላው ወገን ነው። ጎራሽ የሚቆጥሩ ሰዎች ጨዋታ ሲጀምሩ ይህን ባስታወስኳቸው ቁጥር ይከፉብኛል።

አማርኛ "ገጠመ" ሲል ሁለት ነገር ማለቱ ነው፤ ክዳን ከድስቱ ጋር ይገጥማል፣ ጦር ከጦር ጋር ይገጥማል። ለመሣሪያ ሰው ሁለተኛው የሚሳካው የመጀመሪያው ሲሳካ ነው።

ካዝና ያለው ጠመንጃ በብዛት የተለመደው በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት ነው። "ቤልጅግ" የሚለው ስም የመጣበትን አገር ይናገራል፤ የማውዘር ዓይነት ሆኖ አምስት ጎራሽ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1930 ጀምሮ የክቡር ዘበኛን ያሠለጠኑትም ቤልጅጎች ነበሩ። ከሳንሱሲ ቡራዩንና ገፈርሳን አልፎ በሚሄደው መንገድ ሆለታ ላይ ደግሞ ጥር 1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጣሊያን ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ዕጩ መኮንኖች ትምህርታቸውን አልጨረሱም። እዚያው መንገድ ላይ፣ ከአምቦ ወዲያ ጉደር አካባቢ፣ በኋላ ዘመን የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ ተተከለ። ከደጃችን የሚጀምረውን ይህን መንገድ ሰው የሚያውቀው በአምቦ ውሃና በሆለታ ወተት ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን ሌላ ታሪኩ ይጠቅመኛል።

የጣሊያን መኮንን ወገብ ላይ የነበረው የእ.ኤ.አ. 1934ቱ ቤሬታ ነው፤ ሰባት ጎራሽ፣ አጭር ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ ኪስ የሚገባ። በካዝናው ሥር ወደ ፊት የታጠፈች ምላስ አለችው። እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት ቦታ ታጣለች፤ ያቺ ምላስ ለእሷ ማረፊያ ናት። ይህችን ምላስ ልብ ይበሉልኝ፤ ከዘጠና ዓመት በኋላም በዛሬዎቹ ትንንሽ ሽጉጦች ካዝና ሥር በፕላስቲክ ተሠርታ ትሸጣለች። ሰው እጁ አላጠረም፣ ሽጉጡ ግን አጥሯል፤ ሽምግልናው የተጀመረው እዚያ ነው።

በዚያው ሰሞን ቤልጅግ አገር ኤርስታል ውስጥ ሌላ ነገር ተወለደ። ጆን ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሞት የጀመረውን ሽጉጥ ዲዩዶኔ ሴቭ ተረከበ። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው የሽጉጥ ካዝና ጥይቶቹን የሚያስቀምጠው አንዱን ባንዱ ላይ ደርድሮ ነው፤ ነጠላ ረድፍ። ሴቭ ሁለት ረድፍ አድርጎ አንዱን በሌላው ክፍተት አስገባውና ወደ አፉ ሲጠጋ እንደገና ወደ አንድ አጠበበው። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር በዚህ ዘዴ አሥራ ሦስት ጎረሰ። የአሜሪካ ሠራዊት በዚያ ጊዜ የያዘው ኮልት ሰባት ነበር፤ ከሰባቱ የተላቀቀው አሥራ አምስት የሚጎርሰውን ቤሬታ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲቀበል ነው። አሥራ ሦስት እንደሚቻል ከታየ በኋላ ሃምሳ ዓመት በሰባት መቆየት የስንፍና ምልክት ይመስላል። ወታደሮቹ ግን የኮልቱን ትልቅ ጥይት ይወዱት ነበር፤ ከብዙ ትንንሽ ጉርሻ ጥቂት ትልልቅ ይሻላል የሚል ክርክር እስከ ዛሬም አላለቀም።

ከኮልቱ ጋር የኛም ሰዎች ተዋውቀዋል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የአሜሪካን መሣሪያ ታጥቆ ነው የተዋጋው። ኤም ዋን የተባለው ጠመንጃ ስምንት ጥይት ከነብረት ማቀፊያው ይጎርስና ሲጨርስ ማቀፊያውን በጩኸት ይተፋል። ካርባይን የተባለው አጭሩ ጠመንጃ ደግሞ ለኛ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት አለው። መጀመሪያ አሥራ አምስት ጎራሽ ቀጥ ያለ ካዝና ነበረው፤ ኋላ ሠላሳ የሚይዝ ቆልመም ያለ መጣለት። ሠላሳው አሮጌው ካርባይን ውስጥ ይገባል፣ ነገር ግን ሲሞላ ስለሚከብድ የቀድሞዋ መያዣ ጥርስ በደንብ አትሸከመውም። ስለዚህ ጥርሷም በአዲስ ተለወጠች። ካዝና መግባቱ አንድ ነገር ነው፣ መቀመጡ ሌላ፣ ጥይት ማቀበሉ ሦስተኛ። ብዙ ገዢ የሚፈትነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ "ጠቅ" ሲል ይረካል።

ከዚያ ማካሮቭ መጣ። ሶቪየቶች በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ለደርግ መሣሪያ በገፍ ሲያቀርቡ አገሩን የሞላው ክላሽ ነው፤ መኮንኑ ወገቡ ላይ ያደረገው ግን ማካሮቭ ነበር። ስምንት ጎራሽ ነው፣ ጥይቱም 9 በ18 የሚባል የራሱ ልክ አለው። ከኛ ግቢ ሦስት በር አልፎ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መኮንን አሉ። ሆለታ የሠለጠኑ ናቸው፤ ማካሮቭ ለአሥራ ምናምን ዓመት ታጥቀዋል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ "ጋሼ፣ ስምንት አያንስም ነበር?" አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው በትዕግሥት አዩኝ። "ልጄ፣ እኔ ካዝናዬን እጠርግ ነበር እንጂ አልቆጥርም ነበር" አሉ።

እሳቸው እንደሚሉት የማካሮቭ ካዝና የሚያዘው ከእጀታው ግርጌ ነው። ለመንቀል አንዱ እጅ ሽጉጡን ይይዛል፣ ሌላው ግርጌ ያለችውን ጥርስ ወደ ኋላ ይገፋና ካዝናውን ይስባል። ጣት የሚደርስባትን ቁልፍ ተጭኖ ካዝናውን ወደ መሬት እንደሚጥለው እንደ ኮልት ፈጣን አይደለም። በምትኩ ካዝናው ሳይታወቅ አይወድቅም። ሶቪየቶቹ የሠሩለት የቆዳ አፎት ለአንድ ትርፍ ካዝና የሚሆን ኪስ ተሰፍቶለታል፤ ስለዚህ የመኮንኑ ሙሉ ስንቅ አሥራ ስድስት ጥይት ነው።

ስምንቱ አንሷል ያሉት ሩሲያውያን ራሳቸው ናቸው። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ ፒኤምኤም የተባለ የተሻሻለ ማካሮቭ አወጡ፤ አሥራ ሁለት ጎራሽ፣ ድርብ ረድፍ፣ እጀታው ወፈር ያለ። የስምንቱ ካዝና ሰፊው እጀታ ውስጥ ይገባል። የአሥራ ሁለቱ ካዝና ግን ጠባቡ ውስጥ ወፍሮበት አይገባም። ስሙ ማካሮቭ ነው፣ ቤተሰቡ አንድ ነው፣ ካዝናው ግን አንድ አይደለም። "የማካሮቭ ካዝና" ብሎ ብቻ የሚናገር ሰው ገና ምንም አልተናገረም። ስታር የሚባለው የስፔን ሽጉጥ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እኛ ዘንድ "ስታር" አንድ ሽጉጥ ይመስላል፤ ፋብሪካው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 እስኪዘጋ ድረስ ስምንት ከሚጎርሱት ባለ ነጠላ ረድፎች እስከ አሥራ አምስት ጎራሹ ሠላሳ ኤም ድረስ ብዙ ዓይነት ሠርቷል፣ ካዝናቸውም አይወራረስም። የተዘጋ ፋብሪካ አዲስ ካዝና አያመርትም። በእጅ ያለው አሮጌ ካዝና ከንፈሩ ከተጣመመ ወይም ሞላው ከዛለ ሽጉጡ ወደ አንድ ጎራሽ፣ ወደ ውጅግራ ዘመን፣ ይመለሳል።

የዛሬው የትንንሽ ሽጉጥ ፋሽን የተጀመረው ኦስትሪያ ውስጥ ነው። ጋስተን ግሎክ የመጋረጃ ዘንግና ቢላ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የአገሩ ጦር አሥራ ሰባት ጎራሹን ፕላስቲክ እጀታ ሽጉጥ መረጠለት። ቀጥሎ አጠር ያለው ግሎክ 19 አሥራ አምስት ይዞ መጣ፣ ከዚያም እጅግ ያጠረው 26 አሥር ይዞ። የሦስቱ ካዝና ወርድ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በቁመት ነው። ስለዚህ የረጅሙ ካዝና አጭሩ ውስጥ ይገባና ከሥር እንደ ጭራ ይንጠለጠላል፤ የአጭሩ ግን ረጅሙ እጀታ ውስጥ ጠልቆ ይቀራል እንጂ አይደርስም። ታላቅ ለታናሽ ያወርሳል፣ ታናሽ ለታላቅ አያወርስም፤ የልብስ ነገር ነው።

ግሎክ 26ን ለገበያ ያበቃው ግን መሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ ሕግም ነው። አሜሪካ ከመስከረም 1994 እስከ መስከረም 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ ከአሥር በላይ የሚይዝ አዲስ ካዝና ለሲቪል እንዳይሸጥ ከለከለች። ገዢው "አሥር ብቻ ከተፈቀደልኝ ትልቅ እጀታ ምን ይሠራልኛል?" አለ፤ ሠሪውም አሥር የሚይዝ ትንሽ ሽጉጥ አቀረበለት። መጉረስ ሲታገድ መሸጎጥ ተስፋፋ። ሕጉ ጊዜው አልፎ ሲነሳ ፋብሪካዎቹ ማሳጠሩን አልተዉም፤ በትንሹ ላይ እንደገና ጉርሻ መጨመር ጀመሩ።

የዚህ ውድድር ጫፍ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሲግ ፒ365 ነው። ጥይቶቹን በሙሉ ድርብ ረድፍም በነጠላም ሳይሆን በመካከለኛ ዝንፈት ደርድሮ፣ እስከዚያ ስድስትና ሰባት ትይዝ በነበረች የኪስ ሽጉጥ መጠን አሥር አስገባ፤ ለዚያችው ሽጉጥ የሚሆን አሥራ ሁለትና አሥራ አምስት የሚይዝ ካዝናም ከፋብሪካው ይሸጣል። በተከታዩ ዓመት ስፕሪንግፊልድ ሄልካት አሥራ አንድ ይዞ ገባ። ግሎክም በዚያው ዓመት 43ኤክስን አወጣ። ከስድስት ጎራሹ 43 ጋር በስም የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው፤ እጀታው ግን ሰፋ ያለ ስለሆነ ካዝናቸው አይለዋወጥም። ፊደሏን ሳያይ የገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የማይገጥም ብረት ይዞ ቤቱ ይገባል።

ለዚሁ 43ኤክስ ሺልድ አርምስ የተባለ ሌላ ኩባንያ በአሥሩ ቁመት አሥራ አምስት የሚጎርስ የብረት ካዝና ሠራ። ተአምር አይደለም። ግሎክ ካዝናውን በወፍራም ፕላስቲክ ስለሚሸፍን ቦታ ይባክናል፤ ቀጭን ብረት ሲተካው ባዶው ቦታ ለጥይት ተረፈ። ዋጋው ግን በሌላ በኩል ተከፈለ። የሽጉጡ መያዣ ጥርስ ፕላስቲክ ናት፣ ብረት እየቦረቦረ ይበላታል፤ ኩባንያው ራሱ ጥርሷ በብረት እንድትለወጥ ይመክራል። ሰባ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከኮሪያው ካርባይን ጋር ማነጻጸር ለአንባቢ እተዋለሁ።

ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደሉም። ነዳጅ ማደያና ግሮሰሪ ከፍተው እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠሩ አሉ፤ አንዳንዱ በሕግ ፈቃድ አውጥቶ ትንሽ ሽጉጥ ይይዛል። ለእነሱ ካዝና መምረጥ የመሐንዲስ ጥያቄ ከመሆኑ በፊት የካርታ ጥያቄ ነው፤ የወታደሩን ካርታ ሳይሆን የጂኦግራፊውን ማለቴ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሜሪላንድ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ ከአሥር በላይ የሚይዝ ካዝና እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ኮሎራዶ በዚያው ዓመት ጣሪያውን አሥራ አምስት ላይ አደረገች፤ ዋሽንግተን ግዛት ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአሥር በላይ መሸጥ አቆመች። ዲሲ መሸጡን ብቻ ሳይሆን መያዙንም የሚከለክል ሕግ አወጣች፣ ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ገደብ አልነበራትም። አሌክሳንድሪያ ላይ በሕግ የተገዛ አሥራ አምስት ጎራሽ ካዝና፣ ባለቤቱ ለልደት ግብዣ ድልድይ ሲሻገር መኪናው ውስጥ ሆኖ ወንጀል ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። ሕጎቹ በየፍርድ ቤቱ ስለሚሟገቱ የአምናው መልስ ለዘንድሮ አይበቃም። ካናዳማ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሽጉጥ ሽያጭና ዝውውርን ራሱን አግዳዋለች።

ወደ ሳንሱሲ እንመለስ። እዚህ ክርክሩ ሌላ መልክ አለው፤ ለእኛ ካዝና ካታሎግ ላይ የሚመረጥ ዕቃ ሳይሆን በፖሊስ መግለጫ የሚቆጠር ኤግዚቢት ነው። ባለፉት ዓመታት በመግለጫው ውስጥ እየበዛ የመጣው ስም ደግሞ "ቱርክ ሠራሽ" ነው። በ2012 ዓ.ም. ብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ከ18 ሺህ በላይ ቱርክ ሠራሽ ሕገወጥ መሣሪያ መያዙን አስታውቋል። በአፍሪካ ቀንድ ከሚዘዋወሩት ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲሠሩ ለባዶ ጥይት፣ ለድምፅና ለጭስ የተሠሩ ናቸው። ብረታቸው እርሳስ የሚገፋውን ግፊት እንዲችል አልተሠራም፤ በሕገወጥ መንገድ ተቀይረው እውነተኛ ጥይት ሲጎርሱ ለተኳሹም ለጎረቤቱም እኩል አደጋ ናቸው። ከላይ ስንት መሥመር ያጠፋሁለት የመግጠም ጉዳይ እዚህ ላይ ሥራ ያቆማል። ሽጉጡ ራሱ ለጥይቱ ካልተሠራ ካዝናው ብዙ ቢጎርስ ምን ያደርጋል? ሻጩ ግን ጎራሹን ነው የሚጠራው። ገዢውም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱኑ ነው።

ሕጉ የቆመው በሌላ ቆጠራ ላይ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቶ፣ ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መነገድንና ማዘዋወርን በወንጀል ያስቀጣል። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ዕለት፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ተነገረ። ያን ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ከየትኛው ቤት ምን እንደሚወጣ ማየት ትምህርት ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በነጠላ የታሰረ፣ ካዝናው ዝጎ የማይነቀል፤ ካዝና የሌለውም ነበር፤ ከነጭራሹ ለሌላ ሽጉጥ የተሠራ ካዝና በጎማ ታስሮለት የመጣም አይቻለሁ። ስንት ጎራሽ እንደሆነ ሲነገርላቸው የኖሩ መሣሪያዎች ናቸው።

ፈቃድ ያለውና ሽጉጡን በሕግ የያዘ ሰው "ካዝና ጨምርልኝ" ብሎ ቢጠይቀኝ፣ እኔ ጠጋኝ ባልሆንም ከጠጋኞች የሰማሁትን እነግረዋለሁ። የሽጉጡን ስም ሳይሆን በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ያንብብ። የፋብሪካው የራሱ ካዝና ካለ ሌላ አይፈልግ፤ በርካሽ የተሠራ ካዝና የሚቆጥበው ገንዘብ በሚነክሰው ጥይት ይከፈላል። ሽጉጥ ሲነክስ ባለሙያ በቅድሚያ የሚጠረጥረው ካዝናውን ነው፤ ከንፈሩ ተከፍቶ እንደሆነ፣ ሞላው ደክሞ እንደሆነ፣ ገፊው አቧራ ይዞት እንደሆነ ያያል። ካዝና ሞልቶ መቀመጡ ሞላውን ይገድለዋል የሚለው ወሬ ከልክ በላይ የተጋነነ ነው፤ ሞላን የሚያደክመው ይበልጡን መሙላትና ማራገፍ መደጋገሙ ነው። ረጅም ካዝና ከአጭር እጀታ ሥር ሲወጣ መሬት ላይ ተደግፎ ወይም በጉልበት ወደ ላይ ተመትቶ ውስጥ ያለውን ብረት ሊጎዳ ይችላል፤ ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሠሪዎች ትርፉን ቁመት የሚሞላ ቀለበት የሚያደርጉለት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባዶ መሆኑን በዓይኑ ያረጋግጥ። ካዝናው ተነቀለ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ ከካዝናው ወጥታ በርሜል ውስጥ የቀረችው አንዲት ጥይት በጎራሽ ቁጥር ውስጥ አትቆጠርም፣ ሰው የምትገድለው ግን ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ጎረቤቴ ማካሮቫቸውን ከሠራዊቱ ሲለቁ አስረክበዋል። የቀራቸው አፎቱ ነው፤ ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ ማሰሪያው ተበጥሷል። ባለፈው ሳምንት በፍተሻው ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆመው ነበር። ፖሊሱ ወገባቸው ላይ ቆዳ ሲነካ እጁ ቀጥ አለ። እሳቸው ሳይናደዱ አፎቱን ከፍተው ባዶውን አሳዩት፤ ከዚያ ለትርፍ ካዝና የተሰፋችውን ትንሿን ኪስ ከፍተው የቤታቸውን ቁልፍ አወጡ።

"እለፉ፣ አባት" አላቸው።